ዲፈረንሻሉ ተቀይሮ መኪናው ለምን ከበደ?

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራም፣ ስለ ቃለ መጠይቅ ነው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን ስለ መኪና የኋላ ዲፈረንሻል ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ከዲፈረንሻል ጋር ምን አገናኛት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ያገናኘኝ የአጎቴ ሚኒባስ ነው። ባለፈው ክረምት መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያየሁትን፣ ከዚያም መካኒኮችን እየጠየቅሁ የተረዳሁትን በተቻለኝ መጠን በቀላሉ ለማስረዳት እሞክራለሁ። መኪና ባይኖራችሁም በሚኒባስ ትሳፈራላችሁና ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። በጋራዥ የምንሰማቸው ብዙዎቹ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ ሁሉ የዚያ ወገን ናቸው። መካኒኩም ሾፌሩም የሚግባባው በእነሱ ስለሆነ እኔም እንዳሉ እጠቀምባቸዋለሁ።

ዲፈረንሻል ምን ይሠራል?

ሁለት ጓደኛሞች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ አስቡ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እርምጃቸው እኩል ነው። ጥግ ላይ ሲታጠፉ ግን በውጭ በኩል ያለው ረዘም ረዘም አድርጎ ካልተራመደ በውስጥ በኩል ያለው ይጎተታል። የመኪና የኋላ ጎማዎችም እንዲሁ ናቸው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1.4 ሜትር ርቀት አለ ብንል፣ መኪናው ዞሮ ወደመጣበት ሲመለስ (ግማሽ ክብ ሲሠራ) ውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው 4.4 ሜትር ያህል የበለጠ መንገድ ይጓዛል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ድርቅ ብለው ቢታሰሩ ኖሮ አንደኛው አስፋልቱን እየፋቀ መንሸራተት ነበረበት።

ይህን ችግር የሚፈታው ዲፈረንሻል ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ላይ ለእንፋሎት ጋሪ ብሎ የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ከካምቢዮ ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኞን የሚባል ትንሽ ጥርስ ያዞራል። ፒኞን ደግሞ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ክብ ጥርስ ያዞራል። ከኮሮናው ጋር በተያያዘው ቤት ውስጥ ትናንሽ ጥርሶች አሉ፤ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍሉት፣ መኪናው ሲታጠፍም አንዱ ጎማ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ እንዲዞር የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው። ይቺን የትናንሾቹን ጥርሶች ሥራ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የታሪኩ ቋጠሮ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

ፒኞንን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ፊትና ኋላ ያሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። እነዚህ ኩሽኔታዎች ልል መሆን የለባቸውም፤ ፒኞኑ ከተወዛወዘ ጥርሶቹ ይበላላሉ። ከመጠን በላይ መጥበቅም የለባቸውም፤ ይግላሉ። ስለዚህ ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ዳዶ በልክ ይጠበቃሉ። በብዙ ቶዮታዎች በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ቀጭን ብረት እጅጌ ይገባል። ዳዶው ሲጠብቅ እጅጌው ትንሽ ይጨማደድና ልኩን ይይዛል። አንዴ ከልክ በላይ ከተጨማደደ ግን ዳዶውን ስለፈቱት ተመልሶ አይረዝምም። የተበላ ሳሙና እንደማይሞላ ማለት ነው።

የአጎቴ መኪና

አጎቴ በወልቂጤና በአዲስ አበባ መካከል በሚገኘው 155 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ቶዮታ ሃይኤስ ይሠራል፤ ሰዉ ዶልፊን የሚለውን ዓይነት። የኔም የዶርም ወጪ፣ የታናናሾቼም ደብተር የሚወጣው ከዚያች መኪና ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መኪናዋ ከኋላ እንደ ንብ «እምምም» ማለት ጀመረች። ከቀናት በኋላ ድምፁ ወደ መፈጨት ተለወጠ። ወልቂጤ ውስጥ ስሙን የማልጠቅሰው ጋራዥ ሲፈታ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ዘይት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጥርሶቹም አልቀው ነበር።

የጉራጌን ሰው የሚያውቅ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አዲስ አበባም ይሁን ጅማ፣ የትም ያለው ሰው ለመስቀል ወደ አገሩ ይገባል። ለሚኒባስ ባለቤት ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ያ ሳምንት ነው። አጎቴም ዕቁቡንና ብድሩን የሚከፍለው በዚያ ሳምንት ገቢ ነው። ስለዚህ ጊዜ አልነበረውም። ያገለገለ ዲፈረንሻል አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ መጣ። ፊቱ ላይ ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር ጋራዡ የፒኞኑን ዘይት ማገጃ ጎማ በአዲስ ቀይሮ በአንድ ቀን ገጠመው። አጎቴም ደስ ብሎት ወጣ።

ደስታው ግን እስከ ማግስቱ ነበር። መኪናዋ ከበደች። ድሮ በትንሽ ቁልቁለት ዜሮ ማርሽ ስትሆን በራሷ የምትሄደው፣ አሁን ገፍተዋት እንኳ ቁጭ አለች። ነዳጅ በላች። ዳገት ላይ በሦስተኛ የምትወጣውን በሁለተኛ ማርሽ ሆነ። አጎቴ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። እዚያም መኪናዋን ከኋላ በክሪክ አንስተው አንዱን ጎማ በእጅ አዞሩት። ጎማው በቀላሉ ዞረ። «ይኸው፣ እንደ ቅቤ ነው እኮ! ጥብቅ ያለ ነገር አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አሉት። አጎቴም በዓይኑ ያየውን ምን ብሎ ይካድ? አመነ።

ቡታጅራ ላይ የሆነው

መስከረም መጀመሪያ ላይ ቡታጅራ ዘመድ ልንጠይቅ በዚያችው መኪና ሄድን። (ድሮ ወልቂጤም ቡታጅራም በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ዞኑ ለሁለት ሲከፈል ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች።) በሁለቱ ከተሞች መካከል የጉራጌ ተራሮች አሉና መንገዱ ብርድም ዳገትም የበዛበት ነው። ቡታጅራ ስንደርስ ከኋላ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። አጎቴ ወርዶ አጎንብሶ አየና ዝም አለ። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ላይ ጠብ ያደረገው ውሃ «ጭስስ» ብሎ ተነነ።

የዘመዳችን ጎረቤት ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደን። ጋሼ ነው የምንላቸው። አጎቴ «ይለምዳል ብለውኛል» ሲላቸው ፈገግ አሉና «ጫማ ነው የሚለምደው። ኩሽኔታ አይለምድም፣ ይቃጠላል እንጂ» አሉት። እኔ ደብተሬን ማውጣቴን ሲያዩ ደግሞ «ምን ትማሪያለሽ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ጋዜጠኝነት ስላቸው «እንግዲያው በደንብ ጻፊ። ይሄን የሚጽፈው ሰው ጠፍቶ ነው ስንቱ መኪናውን የሚያጣው» አሉ። ከዚህ በታች ያለው እሳቸው የሄዱበት ቅደም ተከተል ነው።

ደረጃ በደረጃ ማጣራት

አንደኛ፣ የከበደው በእርግጥ ዲፈረንሻሉ ነው ወይ? መኪና የሚከብድበት ምክንያት ብዙ ነው። ጎማ አየሩ ሲያንስ፣ የፍሬን ሸራ ሲነክስ፣ የእጅ ፍሬን ገመድ ሳይለቅ ሲቀር ስሜቱ አንድ ዓይነት ነው። ዲፈረንሻል ሲቀየር ደግሞ የጎማ ዘንጎቹ ስለሚወጡ ፍሬኑም ይነካካል፤ ስለዚህ ጥፋቱ እዚያ ሊሆን ይችላል። ጋሼ በመጀመሪያ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ብዙ ሳይረገጥ እንዲነዳ አደረጉና አራቱንም ጎማዎች በእጃቸው ጠጋ ብለው መሞቃቸውን አዩ። ሙቀቱ በአንድ ጎማ በኩል ቢሆን ጥፋቱ የፍሬን ነበር። ጎማዎቹ ደህና ነበሩ። የጋለው መሀሉ ነው። ዲፈረንሻል ሲሠራ መሞቁ ያለ ነው፤ ውሃ የሚያተን ሙቀት ግን የጤና አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጎማ የማዞር ፈተና። እዚህ ላይ ነው የወልቂጤው ጋራዥ የተሳሳተው፣ አጎቴም የተታለለው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የፊት ጎማዎች ድንጋይ ተደርጎባቸው፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነስተው፣ ከሥር ጠንካራ መደገፊያ ገብቶ (ክሪክ ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው)፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ አንዱን ጎማ ብታዞሩ ምን ይሆናል? ትናንሾቹን ጥርሶች አስታውሱ። ፒኞኑ ድርቅ ብሎ ቢያዝ እንኳ አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዲፈረንሻል የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጎማው «እንደ ቅቤ» ይዞራል፤ ፒኞኑና ኮሮናው ግን አልተነቃነቁም። አንድ ጎማ ብቻ ማዞር የሚነግረን ስለ ፍሬኑና ስለ ጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ስለ ፒኞኑ ምንም አይነግረንም።

ጋሼ ያደረጉት ሌላ ነው። አጎቴን በግራ፣ ረዳቱን በቀኝ አስቁመው «ሁለታችሁም እኩል ወደ ፊት አዙሩ» አሉ። ሁለቱ ጎልማሶች ጥርሳቸውን ነክሰው ገፉ። ጎማዎቹ እየተንገዳገዱ ሩብ ዙር ሄዱ። አጎቴ ቀና ብሎ «ይሄማ ድንጋይ ነው!» አለ። ሁለት ሰው ለማያገኝ ደግሞ ዘዴ ነግረውናል። አንዱን የኋላ ጎማ መሬት ላይ ትቶ ሌላውን ብቻ ማንሳት ነው። አንደኛው ጎማ መዞር ስለማይችል የተነሳውን ስናዞር ኃይሉ የግድ በፒኞኑ በኩል ያልፋል። ያኔ ክብደቱ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ ከፊት ነው ከኋላ? ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲዞሩ ካምቢዮው ድረስ ያለውን ዘንግ ያዞራሉ። ስለዚህ ጥፋቱ ዘንጉ ላይ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጋሼ ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገው (ምልክቱ ሲገጠም ወደ ነበረበት እንዲመለስና መንቀጥቀጥ እንዳይመጣ ነው) ቡሎኖቹን ፈቱና ዘንጉን ወደ ጎን አሰሩት። ዘንጉ ለብቻው በቀላሉ ዞረ። ጎማዎቹ ግን እንደከበዱ ቀሩ። እንግዲህ ጥፋቱ ዲፈረንሻሉ ውስጥ መሆኑ እዚህ ላይ ተረጋገጠ።

አራተኛ፣ ዘይቱን ማየት። የመሙያው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ ከቀዳዳው ታችኛው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። የነበረው ልኩ ነው። ማፍሰሻው ቡሎን ላይ በብዙ መኪና ማግኔት አለ። በላዩ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ቢገኝ የተለመደ ነው። ስንጥርና ቁርጥራጭ ብረት ከተገኘ ግን የሆነ ነገር ተሰብሯል። በአጎቴ መኪና ስንጥር አልነበረም፤ ዘይቱ ግን ገና በሳምንቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ይሸት ነበር። ስለ ዘይቱ ዓይነትም ልናገር። የፒኞንና የኮሮና ጥርሶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ በከፍተኛ ጫና ስለሚሠሩ ለዚሁ የተዘጋጀ፣ ጂኤል-5 የሚል ደረጃ ያለው የማርሽ ዘይት ይፈልጋሉ። የሞተር ዘይት አይተካውም። በጣም ወፍራም ዘይትም በደጋ ብርድ ጠዋት ጠዋት መኪናን ሊያከብድ ይችላል፤ እሱ ግን ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይቀላል። የአጎቴ ደግሞ በተነዳ ቁጥር ይብስ ነበር።

አምስተኛ፣ ክብደቱ ምን ዓይነት ነው? ዲፈረንሻሉ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጋሼ የፒኞኑን ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው አዞሩት። ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየያዘ ሌላው ላይ የሚለቅ ከሆነ ኮሮናው ተጣሟል፣ ወይም ጥርስ ተጎድቷል፣ ወይም በሁለቱ ጥርሶች መካከል መኖር ያለባት ትንሽ ክፍተት ጠፍታለች ማለት ነው። ይቺ ክፍተት በብዙ ቶዮታዎች ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ናት። ዙሩን ሙሉ እኩል የሚከብድ ከሆነ ግን የሚጠረጠረው የኩሽኔታው መጥበቅ ነው። የአጎቴ ዙሩን ሙሉ እኩል ከባድ ነበር።

ስድስተኛ፣ መመዘን። በጣም የገረመኝ ይህ ነው። ጋሼ የሥጋ መመዘኛ የሚመስል ባለ ስፕሪንግ የእጅ ሚዛን አወጡ። በፒኞኑ ጫፍ ክብ ላይ ሲባጎ ጠመጠሙና ሚዛኑን በሲባጎው ጫፍ አስረው ጎተቱ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሚዛኑ ያነበበው ኪሎ በክቡ ግማሽ ስፋት (በሬዲየሱ) ይባዛል። ለምሳሌ ሬዲየሱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሚዛኑ 2 ኪሎ ቢያነብ 10 ኪሎ ግራም-ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልኩ እንደየሞዴሉ ስለሚለያይ የመኪናው መጽሐፍ መታየት አለበት። ለማነጻጸር ያህል በአንዳንድ ቶዮታ ሃይለክሶች ፒኞኑ ብቻውን ሲለካ ያገለገለ ኩሽኔታ ከ9 እስከ 13፣ አዲስ ኩሽኔታ ከ19 እስከ 26 ነው፤ ኮሮናው አብሮ ሲዞር ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። የአጎቴ ስንት መጣ? 9 ኪሎ ጎትቶ ነው መዞር የጀመረው፤ ይህም 45 ማለት ነው። ያውም ባገለገለ ኩሽኔታ!

ጥፋቱ የት ተፈጠረ?

አሁን ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመ። የዘይት ማገጃውን ጎማ ለመቀየር ትልቁ ዳዶ መፈታት አለበት። ጠንቃቃ መካኒክ ዳዶውን ከመፍታቱ በፊት ክብደቱን ይለካል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ሲመልስም እየለካ ቀስ በቀስ ያጠብቃል። ያ ጋራዥ ግን ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ አቅሙ እስከቻለ አጠበቀው። «እንዳይፈታ» ብሎ ነው፤ ክፋት የለበትም። እጅጌው ከልክ በላይ ተጨማደደ፣ ኩሽኔታዎቹ ተቀረቀሩ። ጋሼ ሲፈቱት የፊተኛው ኩሽኔታ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ቀለም አምጥቶ ነበር።

አጎቴ «ታዲያ ዳዶውን ትንሽ ላላ ማድረግ አይበቃም?» ብሎ ጠየቃቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ እንደዚያው እያልኩ ነበር። ጋሼ ግን «የተጨማደደው እጅጌ አያድግልህም። ዳዶውን ስታላላው ፒኞኑ ይወዛወዛል፣ ጥርሱን ይበላል። ከከባድ መኪና ወደሚያፏጭ መኪና ተሸጋገርክ እንጂ አልዳንክም» አሉት። ስለዚህ አዲስ እጅጌ፣ ሁለት አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ የዘይት ማገጃ ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ዕቃው በማግስቱ ይደርሳል፤ ሥራው ግን ከነመለካቱ ሦስት ቀን ይፈልጋል።

እስከ መስቀል ልንዳት?

አጎቴ ወደ ጎን ወስዶኝ «እንዲሁ ገጥመውልኝ እስከ መስቀል ብሠራባት፣ ከዚያ ባሠራት ምን ይለኛል?» አለኝ። ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ። የዕቁቡ ዕጣ፣ የብድሩ ቀን፣ የኔም መመዝገቢያ ሁሉ በዚያ ሳምንት ላይ ነው። ምን ብዬ ልመልስ? ጋሼ ሰምተው ኖሮ ከሩቅ ሆነው መለሱ።

«ኩሽኔታው ከጋለ በኋላ ይነክሳል። ሲነክስ ፒኞኑ ቀጥ ይላል። ያኔ ሁለቱም የኋላ ጎማ አብሮ ቀጥ ይላል። ሞተር ቢቆለፍ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ይለቅሃል። ይሄ ግን ከፍሪሲዮኑ በኋላ ነው፤ ብትረግጥም አይለቅህም። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሰው ሞልተህ ይሄ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?»

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሄደ ሰው የጊቤን ቁልቁለት ያውቀዋል። አጎቴም ለመስቀል ኮንትራት ከመጣ በዚያ በኩል እንደሚሄድ ያውቃል። ብዙ አልተናገረም። የመኪናዋን ቁልፍ ጋሼ እጅ ላይ አስቀመጠና «ይሥሩት» አለ። ሦስት የሥራ ቀን ከመስቀል ሳምንት ላይ ተቆረጠበት። የሚገርመው ጋሼ ሲፈትሹ የመጀመሪያው ዲፈረንሻል ለምን ዘይት እንደጨረሰም ተገኘ። ከላይ በኩል ባለው የጎማ ዘንግ ቤት ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። በክረምት ጭቃ ተደፍና ነበር። መኪናው ሲነዳ ውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በማገጃው ጎማ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ያቺን መተንፈሻ የሚያጸዳት ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ ባልመጣ ነበር። አሮጌው ዲፈረንሻል ተበላሸ ብሎ ሌላ የገዛ ሰው ምክንያቱን ሳያጠፋ ቢቀር አዲሱንም ያጣዋል ማለት ነው።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ

የአጎቴ ችግር የመጥበቅ ነበር። ዲፈረንሻል ተቀይሮ መኪና የሚከብደው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ላይ የኋላው ዲፈረንሻል ከፊተኛው ጋር የጥርስ ቁጥሩ ካልተመሳሰለ፣ አራቱም ጎማ ሲገባ ፊትና ኋላው ይጓተትና መኪናው ቀፍድዶ ይይዛል። ያገለገለ ሲገዛ ጥርስ መቁጠር ያስፈልጋል። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ካለው ቁጥሩ 4.1 ነው፤ 41 እና 9 ከሆነ 4.556 ነው። ከውጭ ሲታዩ ግን መንታ ናቸው። ሌላው መንሸራተትን የሚገድበው ዲፈረንሻል ነው። ይሄኛው አንዱን ጎማ ስታዞሩ ሌላውን በዚያው አቅጣጫ ይዞ ሊዞር ይችላል። ልዩ ዘይት ካላገኘ ደግሞ ሲታጠፍ ይንገጫገጫል፣ ይከብዳል። ሰው ተበላሸ ብሎ ሲፈታው ዓይነቱ ነው እንጂ አልተበላሸም።

ይህን ማወቅ ዛሬ ይበልጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና እየተጠገነ ብዙ ዓመት መሄዱ አይቀርም፤ ያገለገለ ዕቃም ይፈለጋል። ኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን በአብዛኛው ዲፈረንሻል አለው። ሞተሩ ቢለወጥም መታጠፉ አልቀረምና።

ማጠቃለያ

መኪናዋ ለመስቀል ዋዜማ ሰሞን ደረሰች። ጋሼ ገጥመው ሲጨርሱ አጎቴንና ረዳቱን እንደገና ግራና ቀኝ አቁመው «አዙሩ» አሉ። በአንድ አንድ እጃቸው አዞሩት። ከዚያ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ባዶዋን ተነድታ አፍንጫዋ በእጅ ተነካ፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። አጎቴ ያለፈውን ሦስት ቀን ገቢ አላገኘውም። ብድሩም ወደ ጥቅምት ተላለፈ። እኔም ምዝገባዬን በቅጣት ነው የጨረስኩት። ግን መስቀልን ሁላችንም በሰላም ዋልን።

ለእናንተ ለሚኒባስ ተሳፋሪዎች አንድ ነገር ልበላችሁ። ከኋላ የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ ዝም አትበሉ፤ ለሾፌሩ ንገሩት። ለባለ መኪናዎች ደግሞ፣ ዲፈረንሻል አስቀይራችሁ ከከበደ «ይለምዳል» የሚለውን አትቀበሉ። ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ አስዙሩ፣ ካስፈለገም አስመዝኑ። በኛም ሙያ ቢሆን አንድ ወገን ብቻ ጠይቀን «አረጋግጠናል» የምንልበት ጊዜ አለና፣ የዚያ አንድ ጎማ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም።